የአባትን ዕርቃን መሸፈንና የአባትን ታሪክ መዋሸት

ንባባት፦ ዘፍጥ. 9፥20-27፤ ጦቢት 11፥1-15፤ ማቴ. 1፥1-17



በአገራችን ልማድ ሰው ሲሞት ጸሎተ ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ፣ አስከሬኑ ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት፣ የሕይወት ታሪኩ በንባብ ይሰማል። በሥላሴና በፒያሳ አካባቢ ያደግን ሰዎች ይህን ንባብ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ የአርበኞች፣ የመኳንንትና የታወቁ ሰዎች መካነ መቃብር በመሆኑ፣ ትልቅ ቀብር በሚኖርበት ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆመን ሳይቀር የማናውቀውን ሰው ታሪክ እናዳምጥ ነበር። ንባቡ የታወቀ መልክ አለው፦ ሟች ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት በዚህ ስፍራ ተወለዱ፤ በዚህ መሥሪያ ቤት በቅንነት አገለገሉ፤ ደግ፣ ትሑትና ሰው አክባሪ ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም ምክንያት በተወለዱ በዚህን ያህል ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ይህን ሁሉ ዘመን ስሰማ፣ ሚስቱን ያስለቀሰ ወይም ልጆቹን ያስደነገጠ ሰው ሲቀበር አንድም ጊዜ አልሰማሁም።

እኔም በክህነት አገልግሎቴ እንዲህ ያሉ ብዙ ጽሑፎችን ጽፌአለሁ፤ ቤተ ሰብ በሐዘን ላይ ስለሚሆን ብዕሩን ለካህኑ ይሰጣልና። ከጻፍኋቸውም አንዱ የገዛ አባቴ የሕይወት ታሪክ ነው። ዛሬ የማካፍላችሁ አስተንትኖ ከዚያ ወረቀት የተነሣ ነው፤ የቀሰቀሰውም አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣ መጽሐፍ

የእኅቴ ልጅ ተወልዳ ያደገችው በአሜሪካ ነው። ባለፈው ዓመት በሰው እጅ አንድ መጽሐፍ ላከችልኝ፤ በገጾቹም መካከል እኔ የጻፍሁት የአባቴ የሕይወት ታሪክ፣ ያ ባለ ፎቶግራፍ ወረቀት፣ ታጥፎ ተቀምጦ ነበር። በጀርባው ላይ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «አባ፥ እናቴን ስለ አያቴ ስጠይቃት ታለቅሳለች። እርስዎ በጻፉት ላይ ግን የሚያስለቅስ ነገር የለም። ይህን መጽሐፍ አንብበው ሲጨርሱ እውነቱን ይንገሩኝ።»

መጽሐፉ ዲናው መንግሥቱ የተባለ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ደራሲ በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው ሁለተኛ ልብ ወለዱ ነው፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አየርን እንዴት ማንበብ ይቻላል» እንደ ማለት ነው። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1978 በአዲስ አበባ ተወለደ፤ በሁለት ዓመቱም ከእናቱና ከእኅቱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ቀድሞ ከተሰደደው አባቱ ጋር በኢሊኖይ ግዛት በፒዮሪያ ከተማ ተገናኘ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በዶሚኒካውያን ትምህርት ቤት፣ ከፍተኛ ትምህርቱን ደግሞ ኢየሱሳውያን በሚመሩት በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተከታትሏል።

መጽሐፉ ለማንበብ ከባድ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ክብደቱም በቃላቱ ሳይሆን በአካሄዱ ነው። ተራኪው ዮናስ ወልደማርያም ይባላል፤ አባቱ ሞቷል፤ ትዳሩም ፈርሷል። በዚህን ጊዜ ወላጆቹ ከሠላሳ ዓመት በፊት በቀይ ሞንቴ ካርሎ መኪና ከፒዮሪያ እስከ ናሽቪል የተጓዙትን መንገድ ብቻውን ይጓዘዋል። መንገዱ ከአዲስ አበባ ጎንደር እንደሚያስኬድ ያህል ይርቃል። ወላጆቹ ሲጓዙ ዮናስ ገና በእናቱ ማኅፀን ነበር። አባትየው ከአገሩ ሸሽቶ በሱዳን በኩል በመርከብ ተደብቆ የወጣ፣ መከራው ያልለቀቀው ሰው ነው፤ ሚስቱንም ይመታል። ደራሲው ሁለቱን ጉዞዎች እያፈራረቀ ይተርካል፤ ስለ መጀመሪያው ጉዞ ግን ለዮናስ በሚገባ የነገረው ሰው የለም። ስለዚህ የማያውቀውን ሁሉ እየገመተ ይሞላዋል፤ አንባቢውም እውነተኛውን ከተፈጠረው ለመለየት ይቸገራል። እኔም ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼው፣ በሦስተኛው ነው የጨረስሁት።

ልብ ወለድ ለምእመን ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ሆኖ የሚቈጠረው፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ያሳተመው ታሪክ፣ የአባትና የልጅ መንገድ እንዳለበት ያስታውስ፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለችና።

የሚያምረው ውሸት

ዮናስ በኒው ዮርክ ስደተኞችን በሚረዳ ድርጅት ሲሠራ፣ ጥገኝነት የሚጠይቁ ሰዎችን የጽሑፍ ቃል ያስተካክል ነበር። ዳኞችን እንዲያሳዝን መከራው ላይ መከራ ይጨምርበታል። በእኛ ዘንድ በተለምዶ «ኬዝ» ስለሚባለው ነገር ልጆቹን ወደ ውጭ የላከ ሁሉ ሰምቶ ያውቃል። በኋላም ዮናስ አስተማሪ ሲሆን፣ አባቱ በሞተ ጊዜ፣ ትምህርቱን ትቶ ለተማሪዎቹ የአባቱን የስደት ታሪክ በየቀኑ ይተርክላቸዋል። ተማሪዎቹ በጸጥታ ያዳምጡታል። ታሪኩ ያምራል፤ አብዛኛው ግን የፈጠራ ነው። በሕይወቱ ሳለ ያልቀረበውን አባት ከሞተ በኋላ በቃላት ሠራው። ለገዛ ሚስቱ ግን እውነቱን መናገር አቅቶታል።

እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍሁት። ዮናስ በክፍል ውስጥ ያደረገውን እኔ በመቃብር አፋፍ፣ በካህን ልብስ ቆሜ አድርጌዋለሁና።

ወንጌልን የሚያውቅ አንባቢ ሌላም ነገር ያስተውላል። የዮናስ አባት ስሙ ዮሴፍ ነው፤ እናቱ ማርያም ትባላለች፤ በመንገድ ላይ ናቸው፤ ሕፃኑም በማኅፀን ነው። ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 2 ስለ ቤተ ልሔም መንገድ የጻፈውን ማን አያስታውስም? ያ ዮሴፍ የፀነሰችውን ድንግል ከነፋስና ከሰው ዓይን እየጠበቀ ተጓዘ፤ ይህኛው ዮሴፍ ግን ከጎኑ የተቀመጠችውን የልጁን እናት ያቆስላል። ደራሲው ይህን አስቦት ይሁን አይሁን ለእርሱ እንተወው። እኔ ግን ቅድስት ቤተ ሰብን በየዓመቱ ስናከብር፣ ከሁለቱ ዮሴፎች የትኛው በቤታችን እንደሚኖር መጠየቅ እንደሚገባን አሰብሁ።

«በእርግጥ አብደህ ነበርን?»

በዓለም ዙሪያ ከተነበቡት የአባትና የልጅ የመንገድ መጻሕፍት አንዱ አሜሪካዊው ሮበርት ፒርሲግ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው ነው። 121 አሳታሚዎች እንዳልተቀበሉት ይነገራል። ፒርሲግ የአሥራ አንድ ዓመት ልጁን ክሪስን በሞተር ሳይክሉ ጀርባ አስቀምጦ ከሚኒሶታ እስከ ካሊፎርኒያ ተጓዘ፤ በየመንገዱም ስለ እውነት፣ ስለ ሥራ ጥራትና ስለ ጥንት ፈላስፎች ያሰላስላል። ሐሳቡ ከእምነታችን ጋር በሁሉ ነገር አይስማማም፤ ፍልስፍናውም አስቸጋሪ ነው። ከፍልስፍናው ሁሉ ይልቅ ግን ልብ የሚነካው የልጁ ነገር ነው። አባትየው ከዚያ በፊት የአእምሮ ሕመም ደርሶበት ሆስፒታል ገብቶ ነበር፤ ልጁም ይህን ያውቃል፤ ግን ማንም በግልጥ አላወራውም። ልጁ በመንገድ ሁሉ ያለ ምክንያት የሚያለቅሰውና የሚያኮርፈው በዚህ የተነሣ ነው። በመጨረሻ አባቱን በእርግጥ አብዶ እንደ ነበር ሲጠይቀው አባቱ ፊት ለፊት ይመልስለታል፤ ልጁም ያን ጊዜ ይቀለዋል። ክሪስ እ.ኤ.አ. በ1979 በሳን ፍራንሲስኮ በሰው እጅ ተገደለ። ያ መልስ በወቅቱ ባይሰጠው ኖሮ ሌላ ጊዜ አይገኝም ነበር ማለት ነው።

ሴምና ያፌት የሠሩት፣ ማቴዎስም የጻፈው

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ የአባትን ጥፋት እንድንሰውር ያዝዘናልን?

ብዙዎቻችን የኖኅን ልጆች እንጠቅሳለን። ኖኅ ሰክሮ በድንኳኑ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ፣ ሴምና ያፌት ልብስ በጫንቃቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ኋላ እየሄዱ፣ ፊታቸውን መልሰው አለበሱት። መልካም አደረጉ። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ የሸፈኑት ከሚሣለቅ ዓይን ነው፤ አባታችን አልሰከረም ብለው ግን አልተናገሩም። ሁለተኛ፣ እነርሱ የሸፈኑትን መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ለእኛ ጻፈው፤ ያውም ጻድቅ በተባለው በኖኅ ላይ።

ቅዱስ ማቴዎስም የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ፣ በእኛ ልማድ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ስም በተፋቀ ነበር። እርሱ ግን ይሁዳ ከትዕማር የወለደውን ጻፈ፤ ረዓብንም ጻፈ። ከሁሉም ይልቅ ዳዊት ሰሎሞንን የወለደላትን ሴት «የኦርዮ ሚስት» ሲል፣ የንጉሡን ኃጢአትና የተገደለውን ባል በአንድ ቃል አስታወሰ። የመድኃኔ ዓለም የሕይወት ታሪክ እንዲህ ባለ ሐረግ ይጀምራል። ጌታችን ከዚህ ሐረግ መወለድን አላፈረም፤ የመጣውም ስለዚሁ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ሚዛኑን ያስተምረናል። በቂ ምክንያት ሳይኖር የሌላውን ጥፋት ለማያውቁት ሰዎች መግለጥ ኃጢአት ነው (ቁ. 2477)። እውነትንም ለሁሉ ሰው መንገር ግዴታ አይደለም፤ ጠያቂው ማን እንደ ሆነ፣ ለምንስ እንደሚጠይቅ በፍቅር መመዘን ይገባል (ቁ. 2488-2489)። ውሸት ግን በባሕርይው የተወገዘ ነው (ቁ. 2485)። ስለዚህ ዝም ማለት የሚገባበት ጊዜ አለ፤ መዋሸት የሚገባበት ጊዜ ግን የለም። በቀብር ላይ ለቆመው ሕዝብ የአባቴን በደል የመዘርዘር ግዴታ አልነበረብኝም። «ለባለቤታቸው አፍቃሪ ነበሩ» ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔም የጻፍሁት እርሱን ነው።

ያልተጻፈው መሥመር

አባቴ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ታስረው ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው ሲመለሱ የሄዱት ሰው አልነበሩም። የደረሰባቸውን አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም። መጠጥ ጀመሩ፤ እናቴን ይመቱ ነበር። ቤታችን ዶሮ ማነቂያ ነበረ፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። በማግሥቱ እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ውኃ ለመቅዳት ስትወጣ፣ ሴቶቹ እንዳላዩ ሆነው ወረፋቸውን ይሰጧት ነበር። አባቴ ዐርፈው ያ ወረቀት በተነበበ ጊዜ በእድሩ ድንኳን ሥር የተቀመጡት እነዚያው ሴቶች አንገታቸውን ሲደፉ አየሁ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ያ ግድግዳም አብሮ ፈረሰ፤ የሰሙትም ጎረቤቶች በየአቅጣጫው ተበተኑ። እውነቱ በእኔና በእኅቴ ብቻ ቀረ።

አንድ ሌላ ነገርም በእኔ ዘንድ ቀርቶ ነበር። በ1975 ዓ.ም.፣ በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ወደ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ስገባ ያደረሱኝ አባቴ ናቸው። ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን። በመንገድ ሁሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። ወልቂጤ ስንደርስ ሻይና ዳቦ ገዙልኝ፤ የራሳቸውንም ዳቦ ገምሰው ጨመሩልኝ። ሊለዩኝ ሲሉ ትከሻዬን ይዘው፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ፣ «እንደ እኔ አትሁን» አሉኝ። ከዚያ በቀር ስለ ራሳቸው የነገሩኝ ነገር የለም።

ይህን ቃል በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ አላስገባሁትም። ስለ መሥሪያ ቤታቸው፣ ስላገኙት የምስክር ወረቀት ጻፍሁ፤ ከአፋቸው የወጣውን እውነተኛውን ኑዛዜ ግን ተውሁት፤ እርሱን ብጽፍ የተቀረው ሁሉ ይፈርስ ነበርና። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሴው ስማቸውን ስጠራ ልቤ ደረቅ ሆኖ ይቆይ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ይህን መጽሐፍ ሳነብ ነው። ኃጢአታቸውን ከወረቀት ከፋቅሁት፣ ለየትኛው በደል ምሕረት ልለምንላቸው? ለጻድቅ ሰው ምሕረት የሚለምን የለም። ውሸቴ ከሰው ሐሜት ጠበቃቸው፤ ከልጃቸው ጸሎት ግን አራቃቸው።

የዓሣው ሐሞት

ስለዚህ ለእኅቴ ልጅ ጻፍሁላት። ረጅም ደብዳቤ አልነበረም። አያቷ እንደ ታሰሩ፣ ተሰብረው እንደ ተመለሱ፣ አያቷን እንደ በደሉ፣ ይህም በደል በእስራቱ እንደማይጸድቅ፣ እርሳቸውም ራሳቸው እንዳወቁት፣ ለእኔም በወልቂጤ ምን እንዳሉኝ ነገርኋት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የደወለችልኝ ግን እናቷ ናት። ልጅቱ ደብዳቤውን አንብባላት ኖሯል። እኅቴ ብዙ ዝም አለችና፣ «ይህን ቃል ለእኔም ብለውኝ ቢሆን ኖሮ» አለች። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አባታችን አንድ ሰዓት ያህል ተነጋገርን። በመጨረሻም አብረን አባታችን ሆይ ደገምን።

በመጽሐፈ ጦቢት፣ ልጁ ጦብያ አባቱን ዕውር ትቶ ሩቅ መንገድ ሄደ። ሲመለስ እናቱ ሐና በመንገዱ ዳር ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር፤ አባቱም እየተደናቀፈ ወደ ደጅ ወጣ። ልጁ ይዞለት የመጣው መድኃኒት ማር አልነበረም፤ የዓሣ ሐሞት ነበር። ሐሞቱ ዓይን ያቃጥላል፤ ካቃጠለ በኋላ ግን ነጩ ነገር ተገፈፈና አባት ልጁን አየው። ልጅ ለወላጁ የሚያመጣው እውነትም እንዲሁ ነው፤ ሊያዋርደው ሳይሆን ሊያበራለት ይመጣል፤ ግን መራራ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ በዚህ ነገር ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ።

መጀመሪያ፣ አራተኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ ሕፃናቱ የሚኖሩባቸውን ቤቶች አስቡ። ከፊታችሁ ከተቀመጡት መካከል ትናንት ማታ እናቱ ስትመታ ያየ ሊኖር ይችላል። ማክበር ማለት ዝም ማለት ነው ብላችሁ አታስተምሩት። ዛሬ እየተፈጸመ ያለውን በደል መሸፈን የሴምና የያፌት ሥራ አይደለም፤ የተመታች እናትና የተደናገጠ ልጅ መጠለያና ረዳት ሊያገኙ ይገባል። ሕፃኑ ቢነግራችሁ ስሙት፤ እመኑት፤ ሊረዳው ወደሚችልም ሰው አድርሱት።

ሁለተኛ፣ እናንተ ወላጆች የሆናችሁ፣ ልጆቻችሁ ከመቃብራችሁ በኋላ እንዲገምቱ አትተዉአቸው። ዮናስ የዋሸው ክፉ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ባዶ ስለ ተሰጠው ነው። በዕድሜአቸው ልክ፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ፊት፣ ንገሯቸው። የበደላችሁትን ለካህን በምሥጢረ ንስሐ ተናዘዙ፤ የበደላችኋቸውን ግን ራሳቸውን ይቅርታ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ ጥቂት ጻፉ፤ የጻፋችሁት ግን እውነት ይሁን። ያላወቃችሁትን ደግነት አትጨምሩ፤ ያያችሁትን አንዲት ደግነት ግን ሳትቀንሱ ጻፉ። የተገመሰ ዳቦ ከብዙ የምስጋና ቃል ይበልጣል።

ከእግዚአብሔር ፊት የሚነበበው የሕይወት ታሪክ በእኛ እጅ የሚጻፍ አይደለምና፣ የምናፍርበትን ሁሉ ያየው አባት ሳያፍርብን እንዲቀበለን እንለምነው። አባቶቻችንንና እናቶቻችንን እንደ ነበሩ አድርገን በፊቱ እናቁማቸው፤ እርሱም እንደ ምሕረቱ ብዛት ያድርግላቸው። እኛንም ከልጆቻችን ጋር በምንጓዝበት መንገድ ሁሉ በእውነትና በፍቅር ይምራን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።